ኪውትን በፓይተን መጫን፦ ከባዶ ተርሚናል እስከ መጀመሪያው መስኮት

ሥራዬ ከመለኪያ መሣሪያዎች የሚመጣን ቁጥር ተቀብለው በስክሪን ላይ የሚያሳዩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በፓይተን ቋንቋ መጻፍ ነው። መስኮቱን፣ ቁልፉን፣ ሠንጠረዡንና የጽሑፍ ሳጥኑን የምሠራው ኪውት በሚባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) ስለሆነ፣ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን በደንበኞቼም ላይ እጭነዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በስልክ እየነገርኩ አስጭናለሁ። ስክሪኑን ስለማላይ የምጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው፦ «የትኛው ፓይተን ነው የመለሰልዎት?» መጫን እምቢ ያላቸው ሰዎች በአብዛኛው ጣጣቸው ከላይብረሪው አይደለም። በኮምፒውተራቸው ላይ ሁለት ሦስት ፓይተን ተቀምጧል፤ ላይብረሪውን ለአንዱ ይሰጡና ፕሮግራሙን በሌላው ያስነሳሉ። ከዚያ «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ እንደገና ይጭናሉ፤ አሁንም ለዚያው ለመጀመሪያው።

ትእዛዞችን እዚህ የምጽፋቸው በሚነበቡበት ድምፅ ነው፤ በስልክም የማነበው እንዲሁ ነው። ስትተይቡ ግን በላቲን ፊደል ነው። ድምፁ ብቻ በማይበቃበት ቦታ ፊደል በፊደል እዘረዝራለሁ።

የትኛውን እንምረጥ?

የምትፈልጉት አንድ ቁልፍና አንድ የጽሑፍ ሳጥን ብቻ ከሆነ ይህን ልፋት አትጀምሩት። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ቲኪንተር የሚባል ላይብረሪ አለ። «ፓይተን -ኤም ቲኪንተር» ብላችሁ ስትጠሩት ትንሽ የሙከራ መስኮት ከተከፈተ ሥራው አልቋል። የሊኑክስ ዓይነቶች በሆኑት በደቢያንና በኡቡንቱ ላይ ቲኪንተር ተለይቶ ስለሚቀመጥ «ፓይተን3-ቲኬ» የሚባለውን ጥቅል መጨመር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውጭ ጣጣ የለውም። ሠንጠረዡ በሺህ የሚቆጠር ረድፍ ሲይዝ፣ ግራፉ በየቅጽበቱ መታደስ ሲኖርበት፣ መስኮቱ ሲሰፋና ሲጠብ ይዘቱ በሥርዓት እንዲከተል ሲፈለግ ግን ወደ ኪውት መሄድ ይሻላል።

ኪውት በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ፣ ኖርዌይ ውስጥ የተወለደ ላይብረሪ ነው። ለሕዝብ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ የምንጭነው ስድስተኛው ትውልድ በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከፓይተን ጋር የሚያገናኙት ሁለት ጥቅሎች አሉ፤ ፓይኪውትና ፓይሳይድ። አዲስ ሰው ሁለቱን ሲያይ ግራ ይጋባል፤ የኮድ አጻጻፋቸው መንታ ነውና። ዋናው ልዩነት ፈቃዱ ላይ ነው። ፓይኪውት በጂፒኤል (የምታሰራጩትን ፕሮግራም ኮድ እንድትገልጡ በሚያስገድድ ፈቃድ) ወይም በክፍያ ፈቃድ ነው የሚሰጠው። ፓይሳይድ ግን ላላ ባለው በኤልጂፒኤልም ስለሚሰጥ፣ የራሳችሁን ኮድ ሳትገልጡ የምትሸጡት ፕሮግራም ለመሥራት ይበልጥ ያመቻል። ኖኪያ ኪውትን በ2008 እ.ኤ.አ. ከገዛ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ፓይሳይድን ያስጀመረውም በዚሁ በፈቃድ ጉዳይ ነው። እኔ የማስጭነው ፓይሳይድ 6ን ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን ይመለከታል።

መጀመሪያ ፓይተኑን ለዩ

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

ፓይተን -ኤም ፒፕ --ቨርዥን

«-ኤም» አንዲት ትንሽ የላቲን ፊደል ናት፤ «ይህን ሞጁል አስነሳ» ማለት ነው። ፒፕ ደግሞ ለፓይተን ላይብረሪ አውርዶ የሚጭነው መሣሪያ ነው። በሊኑክስና በማክ ላይ «ፓይተን» የሚለው ካልሠራ መጨረሻው ላይ 3 ቁጥርን ጨምሩበት። በዊንዶውስ ላይ «ፒ» እና «ዋይ» በሚሉት ሁለት ፊደላት ብቻ የሚጠራ አስነሺ ስላለ ብዙ ጊዜ በእሱ መጀመሩ ይቀላል። የሚመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ የፒፕ ስሪት፣ ከዚያ የተቀመጠበት ፎልደር፣ በስተመጨረሻ በቅንፍ ውስጥ የፓይተኑ ስሪት። ለእኔ ከሦስቱ የሚጠቅመኝ መካከለኛው ነው። ፎልደሩ ያላሰባችሁት ቦታ ከሆነ ወደፊት አትሂዱ።

በዊንዶውስ ላይ «ፓይተን» ብላችሁ ስትጽፉ የመተግበሪያ መደብሩ ከተከፈተ፣ ፓይተን አልተጫነም ወይም ተጭኖ መንገዱ አልተመዘገበም ማለት ነው። ከፓይተን ድረ ገጽ የሚወርደው የተለመደው ጫኝ ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ፓይተንን ወደ «ፓዝ» (ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ወደሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ለመጨመር የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርጉበት። ሰው ሁሉ ትልቁን የ«ጫን» ቁልፍ ለመንካት ስለሚቸኩል ያችን ሳጥን አያያትም።

ሌላው መታየት ያለበት ፓይተኑ 64 ቢት መሆኑ ነው። ፓይሳይድ 6 ለ32 ቢት ፓይተን አይዘጋጅም። በዊንዶውስ ላይ ፓይተንን ያለ ምንም ጭማሪ ብታስነሱት በሰላምታው መስመር ውስጥ «64 ቢት» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የዚያው መስመር መጨረሻ ላይ «ዊን32» የሚል ቃል መኖሩ አያስደንግጣችሁ፤ በ64 ቢቱም ላይ እንዲሁ ይላል። በዚህች ቃል ምክንያት ትክክለኛውን ፓይተን አጥፍቶ እንደገና ያወረደ ደንበኛ አጋጥሞኛል።

ስለ ስሪቱ ያለኝ ምክር አጭር ነው፦ ትናንት የወጣውን አትውሰዱ። ፓይተን በየዓመቱ በኦክቶበር ወር አዲስ ስሪት ያወጣል፤ እያንዳንዱ የፓይሳይድ እትም ደግሞ ከየትኛው እስከ የትኛው የፓይተን ስሪት እንደሚደግፍ ይዞ ይመጣል። ፓይተኑ ከዚያ ወሰን ውጭ ከሆነ ፒፕ «የሚስማማ ስርጭት አልተገኘም» ይላል። ሰውየው ኢንተርኔቱን ይወቅሳል፤ ኢንተርኔቱ ግን ደህና ነው። አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ስሪት ለዚህ ሥራ ምርጡ ነው።

የታጠረ አካባቢ

ላይብረሪውን በቀጥታ በኮምፒውተሩ ፓይተን ላይ መጫን ይቻል ነበር፤ እኔ ግን አላደርገውም፤ ሌላው ሰውም እንዲያደርገው አልፈቅድም። በቅርቦቹ ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ስርዓተ ክወናው ራሱ «ይህ አካባቢ በሌላ አካል የሚተዳደር ነው» ብሎ ይከለክላል። ክልከላውን በግድ የሚያልፍ ትእዛዝ እንዳለ ብዙ ቦታ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ እለፉት። የስርዓቱ የራሱ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚያው ፓይተን ስለሆነ እሱን መነካካት ሌላ በሽታ ያመጣል።

መፍትሔው የታጠረ አካባቢ ነው፤ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የሚሠራ፣ የራሱ ፓይተንና የራሱ ላይብረሪዎች ያሉት ፎልደር። ለፕሮጀክታችሁ አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ ስሙ በላቲን ፊደል ይሁን፤ ክፍት ቦታም አይኑረው። ተርሚናሉን እዚያ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ ይህን ጻፉ፦

ፓይተን -ኤም ቬንቭ ኢንቭ

«ቬንቭ» የሚጻፈው በቪ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቪ ነው። «ኢንቭ» ደግሞ እኔ የሰጠሁት የፎልደር ስም ነው፤ ኢ፣ ኤን፣ ቪ። ሌላ ስም ብትሰጡትም ለውጥ የለውም። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ይህ ትእዛዝ «ፓይተን3-ቬንቭ» የሚባል ጥቅል እንደጎደለ ሊነግራችሁ ይችላል፤ እሱን በአፕት (በእነዚህ ስርዓቶች የጥቅል መጫኛ ትእዛዝ) ጭናችሁ ተመለሱ።

አካባቢው ከተሠራ በኋላ መንቃት አለበት። በሊኑክስና በማክ ላይ «ሶርስ ኢንቭ/ቢን/አክቲቬት» ነው። በዊንዶውስ ላይ በ«ኢንቭ» ፎልደር ውስጥ ካለው «ስክሪፕትስ» ፎልደር «አክቲቬት»ን ትጠራላችሁ። ሲነቃ የፎልደሩ ስም በቅንፍ ሆኖ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ፓወርሼል «ስክሪፕት ማስነሳት በዚህ ስርዓት ላይ ተከልክሏል» ብሎ ቀይ ጽሑፍ ካፈሰሰ ሳትጨቃጨቁ አሮጌውን የትእዛዝ መስኮት፣ ሲኤምዲን፣ ክፈቱ። እዚያ ክልከላው የለም።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ ድገሙት፤ «ፓይተን -ኤም ፒፕ --ቨርዥን»። የሚታየው ፎልደር በፕሮጀክታችሁ «ኢንቭ» ውስጥ መሆን አለበት። ከነቃ በኋላ በዊንዶውስም ላይ «ፓይተን» የሚለውን ሙሉ ቃል እንጂ «ፒዋይ»ን አትጠቀሙ፤ ልማድ አድርጉት።

መጫኑ

ይህ ክፍል ከሁሉ አጭሩ ነው፦

ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል ፓይሳይድ6

የሚወርደው ግን ትንሽ አይደለም። ትእዛዙ አራት ጥቅሎችን ያመጣል፤ ስሙን የያዘው ዋናው፣ መሠረታዊው «ኢሴንሻልስ»፣ ተጨማሪው «አድኦንስ»፣ እንዲሁም ከሲ ፕላስ ፕላስ ጋር የሚያገናኘው «ሺቦከን6»። ከባዱ ተጨማሪው ነው፤ የድረ ገጽ ማሳያ ሞተርን የመሳሰለ ነገር ስለያዘ ብቻውን ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው። መስኮት፣ ቁልፍና ሠንጠረዥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው መሠረታዊው ይበቃል፤ በትእዛዙ መጨረሻ «ፓይሳይድ6-ኢሴንሻልስ» ብሎ መጻፍ ነው። በመስመሩ ቀርፋፋነት የምትማረሩ ሰዎች በዚህ ጀምሩ። መስኮቱን በአይጥ እየጎተቱ የሚነድፉበት «ዲዛይነር» የሚባለው መሣሪያም በመሠረታዊው ውስጥ አለ።

በዊንዶውስ ላይ መጫኑ መሃል ላይ ተቋርጦ፣ በጣም ረጅም የፋይል አድራሻ አሳይቶ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ሊል ይችላል። ከሥሩ ስለ «ሎንግ ፓዝ» የሚያወራ ጠቋሚ መስመር ይኖራል። የፓይሳይድ ፋይሎች በፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ በዚያ ውስጥ ሌላ ፎልደር እየተባለ ስለሚቀመጡ የዊንዶውስን የ260 ሆሄ ወሰን ያልፋሉ። ፓይተኑ ከመተግበሪያ መደብር የተጫነ ሲሆን ደግሞ መነሻ አድራሻው ራሱ ረጅም ነው። ፕሮጀክቱን ከሲ ድራይቭ ሥር አጭር ስም ባለው ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ አካባቢውን እዚያ ብትሠሩ ብዙውን ጊዜ ይፈታል።

የመጀመሪያው መስኮት

አዲስ ፋይል ክፈቱ። ስሙን ምንም በሉት፤ «ፓይሳይድ6.ፒዋይ» ብቻ አትበሉት። ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው የፋይሉን ጎረቤቶች ስለሆነ ላይብረሪውን ትቶ የእናንተን ፋይል ራሱን ያነባል። ከዚያ እነዚህን ስድስት መስመሮች ጻፉ፦

ፍሮም ፓይሳይድ6.ኪውቲዊጀትስ ኢምፖርት ኪውአፕሊኬሽን, ኪውፑሽበተን
አፕ = ኪውአፕሊኬሽን([])
ቁልፍ = ኪውፑሽበተን("ዝጋ")
ቁልፍ.ክሊክድ.ኮኔክት(አፕ.ኲት)
ቁልፍ.ሾው()
አፕ.ኤግዜክ()

«ቁልፍ» የእኔ ስያሜ ነው፤ ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስያሜ ውስጥ ስለሚቀበል እንዳለ መተው ትችላላችሁ። የቀሩት ግን፣ እኔው ከሰየምኩት «አፕ» በስተቀር፣ የላይብረሪውና የፓይተን ቃላት ስለሆኑ ትልቅና ትንሽ ፊደላቸው መጠበቅ አለበት። በፓይሳይድ ውስጥ ፒና ኤስ ትልቅ ናቸው። በ«ኪውቲዊጀትስ» ውስጥ ኪውና ደብልዩ ትልቅ፣ ቲ ግን ትንሽ ናት። በ«ኪውአፕሊኬሽን» ኪውና ኤ፣ በ«ኪውፑሽበተን» ኪው፣ ፒና ቢ። ትእዛዙ ላይ ስትጭኑት በትንሽ ፊደል ብትጽፉት ፒፕ ዝም ይላችኋል፤ ኮዱ ውስጥ ግን ዝም የሚል የለም።

ቅደም ተከተሉ የዘፈቀደ አይደለም። አፕሊኬሽኑ ከቁልፉ በፊት ካልተፈጠረ ኪውት ዊጀት (ቁልፍን የመሰለ የመስኮት ክፍል) ከመሥራታችሁ በፊት አፕሊኬሽን መሥራት እንዳለባችሁ ነግሯችሁ ይዘጋል። አራተኛው መስመር ላይ ከ«ኲት» በኋላ ቅንፍ የለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ቅንፍ ብትጨምሩ «ሲነካ ውጣ» ማለቱ ቀርቶ «አሁኑኑ ውጣ» ይሆናል፤ ለኮኔክት የሚደርሰውም ተግባሩ ሳይሆን ባዶ ውጤቱ ነው። የመጨረሻው መስመር ፕሮግራሙን በሕይወት ያቆየዋል። አይጥ ሲንቀሳቀስ፣ ቁልፍ ሲነካ፣ መስኮት ሲሸፈንና ሲገለጥ ስርዓተ ክወናው የሚልከውን መልእክት ሁሉ እየተቀበለ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። እሱ ከሌለ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ጭራሽ ላይታይም ይችላል።

አስነሱት። «ዝጋ» የሚል ቁልፍ የያዘ ትንሽ መስኮት ከመጣ ጨርሳችኋል። በጽሑፉ ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ከታዩ ላይብረሪው ተጭኗል፤ የጎደለው ፎንት ነው። ዊንዶውስና ማክ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይዘው ስለሚመጡ ይህ የሚያጋጥመው በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ። በኮዱ ውስጥ የፎንት ስም መጥራት አይጠበቅባችሁም፤ ኪውት ራሱ ፈልጎ ይወስዳል።

ሊኑክስ ላይ የሚመጣው ያ መልእክት

ስልኬ በዚህ ጉዳይ የሚጮኸውን ያህል በሌላ አይጮህም። ፕሮግራሙ ሲነሳ መስኮት የለም፤ በተርሚናሉ ላይ ብዙ መስመር ይፈስሳል። ሰዎች የሚያነቡልኝ መጨረሻውን ነው፦ «ምንም የኪውት ፕላትፎርም ፕለጊን ሊነሳ ስላልቻለ ፕሮግራሙ መጀመር አልቻለም፤ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ችግሩን ሊፈታው ይችላል።» ይህን ምክር አትከተሉ። እንደገና የሚጫነው ያው ፓይሳይድ ነው፤ የጎደለው ዕቃ ደግሞ በፓይሳይድ ውስጥ አይደለም ያለው።

ከእሱ በላይ ያለውን መስመር እዩት። «ኤክስሲቢ» የሚባለውን ፕለጊን፣ ማለትም ኪውትን ከሊኑክስ የመስኮት ስርዓት ጋር የሚያገናኘውን ክፍል፣ ማስነሳት አልተቻለም ይልና «ምንም እንኳ ቢገኝም» ብሎ ይጨርሳል። ጠቃሚዋ ሐረግ ይህች ናት። ፋይሉ በቦታው አለ፤ ነገር ግን እሱ ራሱ የሚደገፍበት ሌላ የስርዓቱ ላይብረሪ የለም። ከዚያም በላይ ውጡ። አዲስ እትም ከሆነ መልሱን በስሙ ጽፎላችኋል፦ ከ6.5.0 ጀምሮ ኤክስሲቢ-ከርሰር0 ያስፈልጋል። በደቢያንና በኡቡንቱ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብኤክስሲቢ-ከርሰር0

ቃሉ ኤል፣ አይ፣ ቢ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቢ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ «ከርሰር»፣ ከዚያ ዜሮ ቁጥር ነው። በፌዶራና በአርች ላይ ስሙ ኤክስሲቢ-ዩቲል-ከርሰር ነው።

ይህም ካልፈታው የጎደለውን በስሙ የሚያወጣ መንገድ አለ። በአካባቢው ውስጥ ካለው የፓይሳይድ6 ፎልደር «ኪውቲ/ፕለጊንስ/ፕላትፎርምስ» ድረስ ግቡ። እዚያ ያለውን «ሊብኪውኤክስሲቢ.ኤስኦ» ኤል-ዲ-ዲ በሚባለው ትእዛዝ አስመርምሩት። ረጅም ዝርዝር ይወጣል፤ «አልተገኘም» የሚል ከፊቱ የተጻፈበት መስመር ላይ ያለው ስም ነው የሚጫነው።

በመልእክቱ ውስጥ የሚታየው የፕለጊን አድራሻ «ሲቪ2» የሚል ፎልደር ካለበት ጉዳዩ ሌላ ነው። በፒፕ የሚጫነው የምስል ማቀነባበሪያው ኦፕንሲቪ በሊኑክስ ላይ የራሱን ኪውት ይዞ ስለሚመጣ የእናንተን ፕሮግራም ወደ ራሱ ፕለጊኖች ይወስደዋል። ኦፕንሲቪን አውጥታችሁ «ሄድለስ» የሚል ቅጥያ ያለውን አቻውን ጫኑ። እሱ መስኮት የመክፈት ክፍሉ የተነሳለት ስለሆነ አይጋጭም።

አሮጌ መመሪያዎች

ከዚህ በኋላ ለመማር የምታነቡት ኮድ ለአምስተኛው ትውልድ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ሁለት ምልክቶች ያሳብቁበታል። «ኤግዜክ» ከሚለው በኋላ የታች ሰረዝ ካለ አሮጌ ነው፤ ሰረዙን አንሱት። የምናሌ ትእዛዝ የሚሠራበት «ኪውአክሽን» ከ«ኪውቲዊጀትስ» የሚመጣ ከሆነም እንዲሁ፤ በስድስተኛው ወደ «ኪውቲጉዪ» ተዛውሯል። ለእነዚህ ብላችሁ የአምስተኛው ትውልድ ጥቅል የሆነውን ፓይሳይድ 2ን አትጫኑ፤ ለአዳዲስ ፓይተኖች አልተዘጋጀም።

ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ

ኢንተርኔት ባለው ተመሳሳይ ስርዓተ ክወናና ተመሳሳይ የፓይተን ስሪት ባለው ኮምፒውተር ላይ «ፓይተን -ኤም ፒፕ ዳውንሎድ -ዲ ጥቅል ፓይሳይድ6» በሉ። «-ዲ» አንዲት ትንሽ ፊደል ናት፤ «ጥቅል» ደግሞ ፋይሎቹ የሚገቡበት ፎልደር ነው፤ በላቲን ስም ስጡት። ፎልደሩን በፍላሽ ወስዳችሁ በሌላኛው ኮምፒውተር ላይ በነቃው አካባቢ ውስጥ በ«ፒፕ ኢንስቶል» ስትጭኑ «--ኖ-ኢንዴክስ» እና «--ፋይንድ-ሊንክስ=ጥቅል» የሚሉትን ሁለት አማራጮች ጨምሩ። የመጀመሪያው ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ ይከለክለዋል፤ ሁለተኛው የት እንደሚያገኝ ያሳየዋል።

የተዘጋጀውን «ኢንቭ» ፎልደር እንዳለ ገልብጦ መውሰድ ግን አይሠራም። ፎልደሩ የተፈጠረበትን ቦታ ሙሉ አድራሻ በውስጡ መዝግቧል፤ ስሙን መቀየር እንኳ ያበላሸዋል። የሚወሰደው የእናንተ ኮድና የጥቅሎቹ ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን «ፓይተን -ኤም ፒፕ ፍሪዝ» ያወጣላችኋል፤ «ሪኳየርመንትስ» በሚባል የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አካባቢውን ከባዶ ሠርታችሁ «ፒፕ ኢንስቶል -አር» ብላችሁ የፋይሉን ስም ከነቅጥያው ስትሰጡት እነዚያኑ ስሪቶች ይጭናል።